ከጉና እስከ ጣና፣ ወንዝ ተከትሎ

ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአገሩ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ዘመን ዐባይ ከጣና ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ እስከ ሱዳን ጠረፍ የሚሄድበት መንገድ በካርታ ላይ ተጣርቶ አልተሣለም፤ ካርታ ሠሪዎች በግምት ነጠብጣብ አድርገው ነበር ያለፉት። ቺዝማን ከሥራው ፋታ ባገኘ ቁጥር በቅሎ እያስጫነ ወጣ። ዘንድሮ ይህን ቁራጭ፣ ለከርሞ ያንን እያለ፣ ሸለቆው አላስገባ ሲለው ከገደሉ ጫፍ ጫፉን እየተከተለ፣ የወንዙን አካሄድ አጣርቶ መዘገበ። ጣናንና ደሴቶቹንም አይቶ ስለ ገዳማቱ ጻፈ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 ታተመ። አብረውት የነበሩት ጫኞች፣ መሻገሪያውን የሚያውቁት መሪዎች፣ ሲመሽ ማደሪያ የሰጡት ባላገሮች ስማቸው በካርታው ላይ የለም። ያለ እነሱ ግን ነጠብጣቡ መስመር ባልሆነ ነበር።

የቺዝማን አካሄድ ዛሬም የሚያስተምረው አለ። ረጅም ወንዝ በአንድ ጉዞ ካልተጨረሰ ማለት አያስፈልግም። ከፍሎ፣ ወቅት መርጦ፣ ካቆሙበት ቦታ እየቀጠሉ መሄድ ይቻላል። ይህ አካሄድ ለወረታና ለአካባቢዋ ሰው ከማንም ይልቅ ይቀርባል፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ይህች ከተማ በሁለት ወንዞች መካከል ናትና። በስተደቡብ ጉማራ፣ በስተሰሜን ርብ ይፈሳሉ። ሁለቱም ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው፣ ጣና ይገባሉ። ከግልገል ዐባይና ከመገጭ ጋር ሲደመሩ ወንዞች ወደ ጣና ከሚያስገቡት ውኃ ከ90 በመቶ በላዩን ያመጣሉ። የጉና ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 4,100 ሜትር አልፏል፤ ጣና 1,790 ሜትር አካባቢ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነው ይህ ቁልቁለት ሁሉ በአንድ ዞን፣ በደቡብ ጎንደር ውስጥ ይገኛል።

ፎገራን ሜዳው ላይ ቆሞ ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ነው ያየው። ጎርፉ፣ ደለሉ፣ ሩዙ፣ ዓሣው የሚጀምሩት ከላይ ነው። ይህን በመኪና መስኮት ማየት አይቻልም፤ አስፋልቱ ሁለቱንም ወንዞች በድልድይ ተሻግሮ ያልፋል እንጂ አይከተላቸውም።

በምልክት የተለየ፣ ካርታ የወጣለት የእግር መንገድ በጉማራም ሆነ በርብ ዳር የለም። መንገድ ግን አለ። ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበት፣ ገበያተኛ የሚያቋርጥበት፣ ተማሪ በየማለዳው የሚሮጥበት ቀጭን መንገድ ከቀበሌ ቀበሌ ሳይቋረጥ ይያያዛል። በየደረጃው መጓዝም ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ከጎጃም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ በዚሁ በጣና ምሥራቅ ዳር ነበር የሚያልፈው፤ ከርብ ማዶ ያለችው ይፋግ በዚያ ዘመን ስሟ የታወቀ ትልቅ ገበያ ነበረች። ነጋዴው የቀኑን ጉዞ የሚለካው በውኃና በሣር ነበር፤ ቅሉ የማይሞላበት፣ አጋሰሱ የማይግጥበት ቦታ አይሰፍርም ነበር። ስንቁ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጭብጦ፣ ማደሪያው ድንኳን ወይም የእግዜር እንግዳ ብሎ የሚያስገባው ቤት ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ከጎንደር ወደ ደቡብ ሲወርድ ርብንና ጉማራን ተሻግሯል።

ጉማራን ለመከተል የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ከወረታ 42 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው በዚህ መንገድ ላይ ከወረታ ብዙም ሳይርቅ የአውራምባ ማኅበረሰብ ይገኛል፤ ዙምራ ኑሩ እ.ኤ.አ. በ1972 ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር የመሠረቱትና በሽመና የሚታወቀው። ለእግረኛ እንግዳ ማሳደር የለመዱ ሰዎች ስለሆኑ በጉዞ ዕቅድ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ስፍራ ነው። ከደብረ ታቦር ወዲያ ጉና አለ። ከላይ ጅብራና አስታ፣ ጓሳ ሣርና ውርጭ፤ ዝቅ ሲል የገብስና የድንች ማሳ። ሣሩ ያልተነካበት ቦታ ላይ መሬቱ እግር ሲያርፍበት ይለሰልሳል፣ ውኃውም ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል። እስከ ዳገቱ አናት በታረሰው በኩል ግን ያው ዝናብ ወዲያውኑ አፈር ይዞ ይወርዳል። የጉማራ የመጀመሪያ ትምህርት እዚህ ነው፤ ወንዙ ታች ጠርቶ ወይም ደፍርሶ መድረሱ የሚወሰነው በእነዚህ ተዳፋት ላይ ነው።

ከጉና ወደ ምዕራብ በተወረደ ቁጥር እህሉ ይለወጣል። ገብሱ ለስንዴና ለባቄላ፣ እነሱም ለጤፍና ለዳጉሳ ቦታ ይለቃሉ። የደረጃውን ርዝመት በሰዓት ሳይሆን በዚህ ለውጥ መለካት የበለጠ ያስደስታል። በዚህ መካከል ዋንዛዬ አለ፤ በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ዳር የሚፈልቅ ፍል ውኃ። ከቅርብም ከሩቅም ታማሚ ሊታጠብ ይመጣል። እግረኛው ለመታጠብ ባይመጣም እዚህ ማደሩ ይጠቅመዋል፤ ከታማሚዎች ጋር ሲጫወት ያመሸ ሰው ስለ አገሩ ከየትኛውም መጽሐፍ የማያገኘውን ይሰማል።

በዋንዛዬ አካባቢና በገባር ጅረቶቹ ውስጥ ደግሞ ወንዙ በዓይን የማይታይ ሌላ መንገደኛ አለው። ነጭ አሳ ነው። በጣና ሐይቅ ከ15 ያላነሱ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ተነሥተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ገባሮች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ንጹሕ ጠጠርና የሚፈስ ጥሩ ውኃ ያለበትን ቦታ ፈልገው ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህን ጉዞ በጉማራ ላይ ተከታትለው ካጠኑ ወዲህ የታወቀው ነገር ያስጨንቃል። ዓሣው ለመራባት በሚሰበሰብበት ወቅት በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚጠፋው የዘንድሮው ብቻ ሳይሆን የመጪው ዓመትም ነው። ደለል ጠጠሩን ሲሸፍነው ዕንቁላሉ ይታፈናል። ለግንባታ የሚዛቀው አሸዋና ጠጠርም ማራቢያውን ይነሳል። ስለዚህ ጉና ላይ የታረሰ ተዳፋትና ባሕር ዳር ገበያ ላይ የተወደደ ዓሣ በአንድ ወንዝ የተያያዙ ጉዳዮች ናቸው። በእግሩ የወረደ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም።

ርብ ሌላ ጠባይ አለው። ከጉና ሰሜናዊ ተዳፋት ተነሥቶ በፋርጣና በእብናት በኩል ይወርዳል፤ በላይኛው ክፍሉ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የርብ ግድብ ተሠርቶበታል። ግድቡ የተሠራው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ሜዳ በመስኖ ለማልማትና ጎርፉን ለማርገብ ነው። ከግድቡ በታች የሚሄድ እግረኛ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያያል፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ ቅሪት አንድ ወገን፣ የመስኖ ቦይና በየዳሩ የተጠመደ የውኃ መሳቢያ ሞተር በሌላ ወገን። ሜዳው ላይ ሲደርስ ርብ ቁልቁለት ያልቅበታል። ያመጣውን ደለል መሸከም ስለማይችል እዚያው ይጥለዋል፤ አልጋው ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል፤ በመጨረሻ ከዳርቻው ሞልቶ ይፈሳል።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የሆነው ይህ ነው። በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጎርፍ ከቤቱ አፈናቀለው። ጎርፉ ከሁለት አቅጣጫ ነበር የሚመጣው፤ ወንዞቹ ከላይ ሲሞሉ ሐይቁም ከታች ይነሣል። ጣና ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ። የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨራ ጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተሠራ ወዲህ ደግሞ የውኃው ከፍታ በሰው እጅ ገብቷል። ዳር ላይ ያለው ገበሬ ይህን ሁሉ በልቡ ያውቃል። ሐይቁ እየሸሸ ሲሄድ የሚገለጠውን እርጥብ መሬት ባሕር ሸሽ ይለዋል፤ ውኃው በለቀቀለት ልክ እየተከተለ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል።

ከአስፋልቱ እስከ ጣና ያለው የሜዳው ጉዞ የሁሉም ደረጃ እምብርት ነው፤ ቶሎ መታለፍም የለበትም። ዳገት የለውም፣ ጥላ የለውም። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይይዛል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ከአርባ ዓመት በፊት በዚህ ያለፈ ሰው የሚያየው በብዛት ሣርና ከብት ነበር። የፎገራ ላም፣ ጥቁርና ነጭ የሆነችው፣ በወተቷ ስመ ጥር ናት፤ ረግረግና ዝንብ ሌላውን ከብት ሲያሸንፉት እሷ ትችለዋለች። ዝርያው እንዳይጠፋ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሲደክምበት ኖሯል።

ዛሬ ግን ሜዳው ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በነበሩበት በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ተሞከረ፤ ውኃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ እርግማን ሲሆን ለሩዝ በረከት እንደሆነ ታየ። ማኅበራቱ ቢፈርሱም ዘሩ በገበሬው እጅ ቀረ፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ የተነሣበትን ቀበሌ ስም እንደያዘ ሜዳውን ሞላው። ወረታ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆነች፤ መፈልፈያ ቤቶችና የሩዝ ነጋዴዎች ከተማዋን ለወጧት። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላና አረቄም ይጠመቅበታል። ከሩዙ በኋላ በተረፈው እርጥበት ጓያ፣ በመስኖ ደግሞ ሽንኩርት ይተካል። አገር የበላበት፣ ልጅ የተማረበት ለውጥ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ዋጋው ግን በእግር ሲኬድ ይታያል። የግጦሹ መሬት ታርሶ ላሟ ወደ ጭድ ዞራለች። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች፣ ክረምት ተኝቶባቸው የሚከርመው ውኃ ለአምባዛ መራቢያ፣ ለወፍ መመገቢያ የነበሩት፣ በእርሻና በመስኖ እየተጨረሱ ናቸው። ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች፣ ዘውድ ያላቸው የአገራችን ክሬኖችም ሆኑ የፈረንጅ አገር ብርድ ሸሽተው ከሰሜን የሚመጡት፣ የሚያርፉት እዚህ ነው። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ምዝገባው ብቻውን ረግረግ አያድንም። ረግረጉን የሚያውቅና ሲጎድል «ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በየዓመቱ በዳሩ ሲያልፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የወንዝ ዳር ጉዞ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ከስፖርቱም ከቱሪዝሙም ይበልጣል።

ሐይቁ ዳር ሲደረስ እምቦጭ ይቀበላል። በጣና ላይ መኖሩ በግልጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ ነው፤ ከሁሉ የጠናውም በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ ዳር ነው። ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል አፍኖ፣ የዓሣ አጥማጁን መውጫ ዘግቶ፣ ከብቱን ከውኃ ለይቶ ይተኛል። በማሽንም በእጅም ሲነቀል ኖሯል፤ የፎገራና የሊቦ ገበሬ ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ውኃ ውስጥ ቆሞ ነቅሏል። አረሙ የሚወፍረው ከላይ በሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ መሆኑን ከጉና ጀምሮ የመጣ እግረኛ ለራሱ ያገናኘዋል።

መቼ ይኬዳል? ከኅዳር እስከ የካቲት። በጥቅምት ሩዙ ገና ውኃ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ከመጋቢት በኋላ ሜዳው ላይ ፀሐዩ ይበረታል። በክረምት ወንዝ ለመሻገር መሞከር ሞት መጥራት ነው፤ ጉና ላይ የዘነበው ሜዳው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሊደርስ ይችላልና። የወባ አገር ስለሆነ አጎበር አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ካላዛር ተነሥቶ ብዙ ሰው ጎድቷል፤ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽ የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ዋልካና በግራር ሥር ትኖራለች፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ ያለ አጎበር ማደር አይገባም። ብልሃርዚያ ስላለም የተኛ ውኃ ውስጥ ባዶ እግር አይገባም። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ በየጊዜው ይዘጋል። የቀበሌውን ሰው ሳይጠይቁ፣ የአገሩን ሽማግሌ መሪ ሳይዙ መውጣት ድፍረት ሳይሆን ጥፋት ነው። በሰላሙ ጊዜም ቢሆን የሰው ማሳ የሰው ነው፤ ሰላምታ ያልሰጠን እግረኛ ውሻም ሰውም አይወደውም።

አርአያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ በሚወስደው በዚያው መንገድ ላይ ያለችው መቄት እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቴስፋ በሚባለው ፕሮጀክት አማካይነት የማኅበረሰብ የእግር ጉዞ አደራጅታለች። መቋት ማርያምን በመሳሰሉ ስፍራዎች ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው እንግዳ ያሳድራሉ፤ ዕቃው በአህያ ይጫናል፣ መሪው የአገሩ ልጅ ነው፣ ገቢው ለማኅበሩ ይገባል። አንዱ ጎጆ ከሌላው የአንድ ቀን መንገድ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በቴምስ ወንዝ ዳር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የእግር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1996 ተከፍቷል። አብዛኛው አዲስ የተጠረገ አይደለም፤ ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው የድሮ መንገድ ነው። ብዙ ሰው የሚጨርሰው በየቅዳሜና እሑዱ፣ በባቡር እየሄደና እየተመለሰ ነው። ወረታም ለዚህ የሚበቃ ነገር አላት፤ ሁለቱን ወንዞች የሚያቋርጠው አስፋልት ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ አይጠፋበትም፤ እግረኛው ጉማራ ድልድይ ላይ ወርዶ፣ የቀኑን ቁራጭ ሄዶ፣ ለአዳሩ ወረታ መመለስ ይችላል።

መጀመር ያለበት ከትንሹ ነው። የወረታ ትምህርት ቤቶች ክበባት፣ የግብርና ኮሌጁ ተማሪዎች፣ የደብረ ታቦርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሰላሙ ሲፈቅድ አንድ የታኅሣሥ ቀን መርጠው ከጉማራ ድልድይ ወደ ሐይቁ ቢወርዱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከዋንዛዬ እስከ ድልድዩ፣ ከዚያም ከጉና እስከ ዋንዛዬ ቢሄዱ፣ በአራተኛው ዓመት ወደ ርብ ቢዞሩ፣ ለወንዞቹ በየዓመቱ የሚታደስ መዝገብ ይኖራቸዋል። መዝገቡ ውስጥ የሚገባው ግልጽ ነው፤ ውኃው የት ደፈረሰ፣ አሸዋ የት ተዛቀ፣ ረግረጉ እስከየት ደረሰ፣ የትኛው ዛፍ ተቆረጠ፣ የትኛው ተተከለ፣ በየትኛው መልካ ዓሣ ታየ። በየቀበሌው አንድ ማደሪያ የሚሰጥ ቤትና አንድ መሪ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ለሁለቱም ዋጋ ተቆርጦ መከፈል አለበት፤ የእንግዳ አክብሮት ባህሉ ቢሆንም ድካሙ ያው ድካም ነውና። የሽማግሌዎቹ ንግግርም ይመዝገብ፤ ርብ ከዚህ በፊት በየት በኩል ይፈስ እንደነበረ፣ የትኛው ዓመት ጎርፍ የትኛውን መንደር እንዳነሣ፣ ሸሸር እስከ የት ድረስ ውኃ እንደነበረ ከእነሱ በስተቀር የሚያውቅ ጥቂት ነው።